ፍሬሕይወትን ፍለጋ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

አማቴ ከዱራሜ በልጃቸው ስልክ ሦስት ጊዜ ደውለው "ልጅቷ እንዴት ሆና ሄደች? ማን ሸኛት?" ብለው ጠየቁኝ። ሦስቱንም ጊዜ መስመሩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ደህና ነበር። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ልጽፍላቸው ወስኛለሁ፤ የባለቤቴ ወንድም ያነብላቸዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የሆነውን ነገር በየተራው መጻፍ ለምጃለሁ። ይህኛውን ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

እሳቸውም ሆኑ የዱራሜ ዘመዶቻችን ይህን አገር አያውቁትም፤ ምናልባትም አያዩትም። እኛ ያለንበት ሰበታ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ የሚገኝ ከተማ ነው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ሦስቱም አዲስ አበባን ዙሪያዋን ይዘዋታል። ጉዳዩ የቀናለት ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን አዳርሶ ራቱን ቤቱ ይበላል። እኔ አራት ቀን ፈጀብኝ።

ከመንገዱ በፊት የነበረውን ልናገር። ፍሬሕይወት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አልመጣላትም። አንድ ዓመት እዚሁ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ ሠራች። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ መስፋት ነው ሥራዋ፤ ማታ ስትመጣ አንገቷን አዙራ ማየት ያቅታት ነበር። ጥቅምት ላይ የውትድርና ምልመላ ማስታወቂያ አየች። አሥራ ሁለተኛን ያጠናቀቁ ከመሠረታዊ ሥልጠናው በኋላ የሕክምና ረዳትነት ይማራሉ ይላል። ራት ላይ ነገረችን። እናቷ አልማዝ አለቀሰች። እኔ እንጀራዬን መቁረሴን ቀጠልኩ። ዝም ማለቴን ልጄ እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

በማግስቱ እሷ ፋብሪካ ሳለች ሰርተፊኬቷን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ በመሣሪያ ቦርሳዬ ታች ደበቅኩት። እኔ የቤት ልስን ሠራተኛ ነኝ። ያንን ቦርሳ ማንም አይነካውም ብዬ ነው። ያለ ሰርተፊኬት አይቀበሏትም፣ ትቀራለች፣ ጊዜ ሲያልፍ ትረሳዋለች ብዬ አሰብኩ። ሦስት ቀን ፈለገችው። እኔም አብሬያት ፈለግኩ። አልጋውን ከሁለት ጫፍ ይዘን አንስተን ከሥሩ በባትሪ አየን። "አባ፣ ድካም ሆንኩብህ" አለችኝ።

ለካ ፎቶ ኮፒው ነበራት። በኮፒው መዘገቧት። ሰኞ ጠዋት ሄደች። ማን ሸኛት ለሚለው ጥያቄ መልሱ እናቷ ናት። እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀድሜ ወጥቼ ነበር።

ማክሰኞ ወደ ማታ ላይ በማላውቀው ቁጥር ደወለች። የሌላ ሰው ስልክ ነው፤ ትቸኩላለች። "አባ፣ ቡራዩ ነው ያለነው። ዋናውን ሰርተፊኬት ያላመጣ የሕክምናው ዝርዝር ውስጥ አይገባም አሉን። እስከ ሐሙስ ነው። እንደገና ፈልጉልኝ፤ ካጣችሁት ትምህርት ቢሮ ጠይቁልኝ።"

"ካላመጣሽስ ይመልሱሻል?" አልኳት።

"ኧረ አይመልሱኝም። እግረኛ ነዋ የምሆነው።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁና ትንሽ ቆይቼ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። "ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት" አልኳት አልማዝን። አየችኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎ ልትሠራ ዱቄት ማቡካት ጀመረች።

ረቡዕ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ወረቀቱ ከነፕላስቲኩ በደረት ኪሴ ነው፤ ዳቦ ቆሎውና የተቆላ ሽምብራው በፌስታል በእጄ። ዓለም ገና ላይ አንድ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ሻይ ጠጣ። ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች ዊንጌት፣ ከዊንጌት አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ። አምስት ታክሲ ተሳፈርኩ። ዱራሜ ቢሆን ሰው ከደጁ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ አሥር ሰው "ወዴት ነህ?" ይለዋል። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ የምመልሰውን ግን መንገዱን ሁሉ ሳሰናዳ ነበር።

ቡራዩ እንደኛ ሰበታ ፋብሪካ አይበዛበትም። መንገዱ ዳር ብሎኬት የሚያመርቱ፣ የብረት በር የሚበይዱ ናቸው፤ የተበየደው በር ግድግዳ ሳይኖረው ሜዳ ላይ ተደርድሮ ይቆማል። ቤቱ ሁሉ አዲስ ነው፤ ግማሹ አላለቀም። እኔ ሰው ቤት ሳይ መጀመሪያ የማየው ልስኑን ነው። ያን ቀን ግን ልስንም አላየሁ፤ ሁለት ሰው ጠይቄ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቅያስ ከገባሁ በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን ምልምሎቹ ያሉበት ግቢ ደረስኩ።

በሩ ላይ አንድ አሥር አለቃ ቆሟል። ወጣት ነው፤ በአክብሮት አነጋገረኝ። ዛሬ መጎብኘት የለም አለኝ። ጉዳዬን ስነግረው እጁን ዘረጋ።

"ወረቀቱን ይስጡኝ አባት። ስሟን በወረቀት ይጻፉልኝና አሁኑኑ አስገባላታለሁ። ዝርዝሩ ነገ ነው የሚዘጋው።"

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፕላስቲኩን ጨብጬዋለሁ።

"ራሴ ብሰጣት ይሻላል። ነገ እመጣለሁ" አልኩት።

"ምልምሎቹ ነገ እዚህ ይኑሩ አይኑሩ እኔ አላውቅም።"

"ግድ የለም፣ እመጣለሁ።"

ሰው ለማያውቀው ሰው ሰነድ አይሰጥም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሐሙስ ካለፈ ምናልባት ተስፋ ትቆርጥ፣ ምናልባት ሐሳቧን ትቀይር፣ ምናልባት አንዱ አለቃ "አንቺ ሂጂ" ይላት ይሆናል የሚል ነገር አሁንም ውስጤ ነበር። ይህን የምጽፈው አማቴ እንዲያውቁት ነው። ያን ቀን ወረቀቱ ከልጄ መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር።

ማደሪያ ፍለጋ ከታ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ከስድስት ዓመት በፊት ቤታቸውን የለሰንኩላቸው ኦቦ ገመቹ አሉ፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። "አካም ጅርታ? ኮቱ፣ ኮቱ" ደህና ነህ፣ ና ግባ ብለው እጄን ይዘው መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ነው። "ይኸው፣ አንዲት ስንጥቅ የላትም" አሉና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እግርህን ካልታጠብክ ብለው ሙቅ ውኃ አቀረቡ። ሽሮ በላሁ፤ ከእሱ ቀጥሎ ወተት አመጡልኝ። በሰበታ አምስት ዓመት የኖርኩበት ግቢ አከራዬ አንድም ቀን ቤታቸው ገብቼ እንድቀመጥ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን እንዳሳያቸው ጠየቁ። መነጽራቸውን አድርገው ውጤቷን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ባዮሎጂ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ጎበዝ ናት እኮ። ሕክምናው ይሆናታል። ታዲያ በር ላይ ላለው ልጅ ለምን አልሰጠኸውም?"

"እጅ በእጅ ልሰጣት ብዬ ነው።"

"እነሱ የፈለጉት ወረቀቱን ነው፣ አንተን አይደለም። ገና አሥር ሰዓት ነው። ተነስ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።" ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

"ደክሞኛል ኦቦ፣ ነገ በጠዋት ይሻላል" አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሲሚንቶ መወደድ ተጨዋወትን።

ሐሙስ

አዴ ጫልቱ ጨጨብሳ ሠርተው ካልበላህ አትወጣም አሉኝ። ቂጣው በቅቤና በበርበሬ የተለወሰ ነው፤ እኛ አገር ቆጮ በቅቤ እንደሚሆነው ዓይነት፣ ግን አፍ ላይ ይሞቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ምግብ አልከበደኝም። ኦቦ ገመቹ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። "ዋቃ ይርዳህ" አሉኝ።

ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው በር ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ውስጡ ባዶ ነው። ሁለት ሴቶች ግቢውን ይጠርጋሉ። የትናንቱ አሥር አለቃ የለም። በር ላይ ያለው ሌላ ሰው "ሳይነጋ ወደ ሱሉልታ ወስደዋቸዋል። ከዚያ ነው ወደ ማሠልጠኛው የሚሄዱት" አለኝ። ዝርዝሩስ አልኩት። "አብሯቸው ሄዷል።"

በሩ ሥር ድንጋይ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ከሰበታ አልፎ ካለው ከተፍኪ ነው የመጣችው፤ ዘነቡ ትባላለች። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። ልጇ ታምራት እግሩ ትልቅ ስለሆነ የሚሆነው ጫማ አይገኝም፤ አርባ አምስት ቁጥር ሸራ ጫማ ፈልጋ አግኝታ ይዛለት መጥታ ነው። ወደ ሱሉልታ አብረን እንሂድ ተባባልን። እሷ መስቀል በአንገቷ ያሰረች፣ እኔ ጴንጤ፤ ስሜን ከጠየቀችኝ በኋላ አንገቴ ላይ ማተብ አለመኖሩን አየችና "አንድ አምላክ ነው፣ ና እንሂድ" አለች።

ተመልሰን ወደ አዲስ አበባ ገባን። በአዲሱ ገበያ በኩል ሱሉልታ የሚል ሚኒባስ ያዝን። እንጦጦን ስንወጣ መኪናው መጎተት ጀመረ፣ ቀጥሎ ከፊቱ እንፋሎት ተነሳ፣ መታጠፊያው ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩ ሞቋል፣ አይሆንም፣ ውረዱ አለ። በእግር ወጣን። ዘነቡ ጉልበቷን ስለሚያማት በየመቶ እርምጃው እንቆማለን። አንዱ ዕረፍት ላይ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ከተማው ሁሉ ከሥራችን ተዘርግቶ ነበር፤ ከጭሱ ባሻገር የእኛ ሰበታ የት አካባቢ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ከሃምበሪቾ ተራራ ላይ ዱራሜን ቁልቁል ሲያዩት የእያንዳንዱን ሰው ቤት መለየት ይቻላል፤ እዚህ ግን አንድም የማውቀው ጣሪያ የለም።

የዳቦ ቆሎውን ፌስታል መኪናው ውስጥ እንደረሳሁት ያወቅኩት አፋፉ ላይ ነው። ሮጬ ጥቂት ወረድኩ። መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ የፈሰሰ ውኃ ብቻ አለ፤ ዞሮ ቁልቁል ወርዷል።

ዘነቡ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። የራሷን ቋጠሮ ፈታች። የእሷም ዳቦ ቆሎ ነው። ጥቁር ፌስታል ከቦርሳዋ አወጣችና ግማሹን አፍሳ አሰረችልኝ።

"ባዶ እጅህን ልጅ ፊት አትቆምም። የእናትሽ ነው በላት።"

"ለልጅሽ አነሰ እኮ።"

"እሱ ጫማውን ካየ ይበቃዋል።"

ብዙ ጠብቀን ባገኘነው ሌላ መኪና ሱሉልታ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግቢው ሜዳ መካከል ነው። በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ኑ አለን። ሰርተፊኬቱን አውጥቼ አሳየሁት፣ ዛሬ ነው የሚዘጋው አልኩት፣ ለመንኩት። ከአንድ ቀን በፊት ስጠኝ ሲሉኝ ያልሰጠሁትን ወረቀት አሁን በአጥር ቀዳዳ እየሰደድኩ ነበር። "አባት፣ ቢሮው ተዘግቷል፤ እኔ የምሰጠው ሰው የለኝም" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም።

ሱሉልታ ብርድ ነው። ኅዳር ላይ ሜዳው ታጭዶ ድርቆሹ ተከምሯል፤ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ሰበታ ላይ በሸሚዝ የሚወጣበት ሰዓት እዚያ ጋቢ ያስደርባል። አንዲት ወተት ቤት ገብተን ትኩስ ወተት ጠጣን። የወተት ቤቷ ባለቤት ስለ ምን እንደመጣን ሳትጠይቀን አወቀች፤ ሰሞኑን እንደኛ ያለ ብዙ ሰው አይታለች። ለዘነቡ ከራሷ አልጋ ጎን ቦታ ሰጠቻት። ለእኔ ከላሞቹ ጋጣ ቀጥሎ ያለውን የድርቆሽ ክፍል ከፈተችልኝና ሁለት ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ። "ይቅርታ፣ ለእንግዳ የሚሆን አይደለም" አለችኝ። ልጅ ሳለሁ ዱራሜ ከላሞቻችን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር የምናድረው፤ የላም ትንፋሽ ቤቱን እንዴት እንደሚያሞቀው አውቃለሁ። ነገርኳት። ደስ አላት። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ የተሻለ የተኛሁት እዚያ ነው፤ እንዲህ በመተኛቴም ጠዋት አፈርኩ።

ዓርብ

ከሦስት ሰዓት በፊት ብዙ ወላጅ ተሰብስቧል። አምስት አምስት እያደረጉ አስገቡን። አሥር አሥር ደቂቃ ነው። ዘነቡ ከእኔ በፊት ገባች።

ፍሬሕይወትን መጀመሪያ አላወቅኳትም። ፀጉሯን አሳጥረዋታል። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ነበር፤ እሑድ እሑድ እናቷ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ትሠራላት ነበር። ቱታ ለብሳለች፣ ትልቅ ሆኖባታል። እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። የሸሚዜን ኪስ ነካችና ፕላስቲኩን ስታገኘው ጮኸች።

"ተገኘ? የት ነበር?"

ከመልሴ በፊት እጄን ይዛ ጠረጴዛ ጋ ወደተቀመጠች አንዲት ሃምሳ አለቃ ወሰደችኝ። ሃምሳ አለቃዋ ወረቀቱን ተቀብላ በጥንቃቄ አየችው። ደብተሯን ገለጠች፣ በጣቷ ወረደች።

"ዝርዝሩ ትናንት ተዘግቶ ሄዷል። ረቡዕ ወይ ትናንት ከሰዓት በፊት ቢደርሰን አስገባት ነበር፤ ቦታ ነበረን።" ወደ እኔ ቀና አለች። "ረቡዕ ቡራዩ ላይ እስከ ማታ ስንቀበል ነበር።"

"አሁን ምንም አይደረግም?" አልኳት።

"ከሥልጠናው በኋላ ዕድል ሊኖር ይችላል። ቃል ግን አልገባልዎትም።"

ፍሬ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱን ተቀበለች። አጥሩ ጥግ ወዳለ ግንድ ወስዳኝ ተቀመጥን። ዓይኗ እንባ ሞልቷል ግን ፈገግ ለማለት ትታገላለች። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባ። ዕቃ ማስቀመጥ አላውቅም። አንተንም አንከራተትኩህ። ጫማህን እየው።"

ጥቁሩን ፌስታል ሰጠኋት። "እናትሽ ናት የላከችልሽ።"

ፈታችው። አንድ አንስታ ቀመሰች፣ ቆም አለች፣ ሳቀች። "ይኼ የእማ አይደለም። እማ በርበሬ አታደርግበትም። ውሸት እኮ አትችልም፣ አባ።"

ያኔ ነው የነገርኳት። ብዙ ቃል አላወጣሁም። አልጠፋም ነበር፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት አልኳት። ረቡዕ ቡራዩ ድረስ መጥቼ በር ላይ ስጠኝ ሲሉኝ እንዳልሰጠሁም ነገርኳት። እንድትቀሪልኝ ብዬ ነው አልኳት።

ሳቋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሄደ። ሌላው ወላጅ ሁሉ እያወራ ነበር። በመጨረሻ ያለችው ይህን ብቻ ነው።

"አልጋውን አብረን ነው ያነሳነው።"

ፊሽካ ተነፋ። ተነሳች። ሰርተፊኬቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ዳቦ ቆሎውን ያዘች፣ መልሳ አየችው፣ ያዘችና ሄደች። "ፍሬ" ብዬ ጠራኋት። ከጓደኞቿ ጋር ሰልፍ ውስጥ ገባች። ፀጉራቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ከኋላዋ ልለያት አልቻልኩም።

ዘነቡ በሩ ላይ ስትጠብቀኝ ነበር። ጫማው ለታምራት ልክ ሆኖለታል፤ ደስ ብሏታል። "ወረቀቱን ተቀበሉት?" አለችኝ።

"ዘግይቷል።"

"አይ ወንድሜ። አንተ እንዲህ ተንከራትተህ፣ ስንት አባት ነው ለልጁ እንዲህ የሚሆነው?" ትከሻዬን ያዘችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። ለልጄ የተናገርኩበት አፍ ለማላውቃት ሴት እምቢ አለኝ።

ያን ቀን መመለስ ይቻል ነበር። ዘነቡ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማሠልጠኛው የሚወስዷቸው አውቶብሶች ሲወጡ ቆሜ ልጄን ሳላይ አልሄድም አለች። እኔም ቀረሁ። የወተት ቤቷ ባለቤት የድርቆሹን ክፍል እንደገና ከፈተችልኝ፤ ወተቱንም አሞቀችልን።

ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ውርጭ ወርዶ ነበር፤ ሣሩ ከእግር በታች ይሰበራል። ዱራሜ ውርጭ አናውቅም። እዚህ ልብስ ማድረቂያ ገመድ ላይ የተረሳ ፎጣ እንደ ጣውላ ደርቆ አየሁ።

አውቶብሶቹ ሰባት ናቸው። መስኮቶቹ በብርዱ ከውስጥ ጉም ይዘዋል። አንዳንዱ ልጅ በእጁ ጠርጎ ፊቱን ያሳያል። ዘነቡ ታምራትን በሦስተኛው ላይ አየችው፤ ስሙን እየጠራች አብራው ጥቂት ሮጠች፣ ጉልበቷን ረስታው። እኔ ለሰባቱም እጄን አነሳሁ። አንዱም መስኮት ላይ አላየኋትም። አላየችኝም ማለት አይደለም። ያለችበትን አላወቅኩም ማለት ነው።

መመለሱ ቀላል ነበር። መንገዱ ክፍት፣ መኪናው ሁሉ ሙሉ ጤና። ዓለም ገና ላይ እንኳ አልቆምንም። ስሄድ እንዲህ ሆኖልኝ ቢሆን ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ቡራዩ በደረስኩ ነበር ብዬ ላስብ ሞከርኩ፤ ግን ብደርስም አልሰጠውም ነበር። ሰበታ ወርደን ዘነቡን የተፍኪ መኪና ላይ አሳፈርኳት። ስልክ ቁጥሬን ወሰደች። ታምራት ሲደውል ስለ ፍሬ እጠይቅልሃለሁ አለችኝ።

አልማዝ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን ከአረፋው አወጣችና ቀና ብላ አየችኝ።

"አገኘሃት?"

"አገኘኋት። ወረቀቱ ግን ዘገየ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ቁም ሣጥኑን፣ ቦርሳውን፣ አሥር አለቃውን፣ ኦቦ ገመቹ ጫማቸውን ሲፈልጉ እኔ ደክሞኛል ማለቴን። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሳፋው አጠገብ ተቀመጠች።

"ቦርሳህ ውስጥ መሆኑን አውቅ ነበር" አለች።

"መቼ?"

"ልጅቷ ስትፈልገው በሁለተኛው ቀን። የሥራ ልብስህን ለማጠብ ሳወጣ አየሁት። መልሼ እንደነበረ አስቀመጥኩት።"

ከዚያ በኋላ እጥበቷን ቀጠለች። እኔ ቱቦውን ይዤ ውኃ አፈሰስኩላት። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ስትወጣ እናቷን አቅፋ "እማ፣ ሰርተፊኬቱን ፈልጊልኝ" ብላ እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። አልማዝ እሺ ብላት ነበር።

ይህን ልጽፍ ስነሳ የእሷን ድርሻ ልተወው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "እናቴ ናት፤ ጻፈው" አለችኝ።

ሁለት ወር ሆኖናል። ዘነቡ አንድ ጊዜ ደውላ ታምራት ደህና ነው፣ ልጅህንም በሩቅ አይቷታል፣ እግረኛ ምድብ ውስጥ ናት አለችኝ። ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ስንመለስ የማይታወቅ ቁጥር ጠራ። አልማዝ አነሳችው። ፍሬ ናት። ደህና ነኝ አለቻት፤ እግሬ አብጦ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል፤ አያቴ እንዴት ናት፣ ጎረቤቶቻችንን ሰላም በይልኝ አለቻት። አልማዝ እያለቀሰች "አባትሽ እዚህ አለ" ብላ ስልኩን ዘረጋችልኝ።

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ከኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። "ፍሬ" አልኩ። ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ። ሁለተኛ "ፍሬ" ስል ተቋርጧል።

ኔትወርኩ ይሁን እሷ አላውቅም። መልሼ ብደውል ሌላ ሰው አነሳው፤ ስልኩ የእሱ መሆኑን፣ ልጆቹ ወደ ልምምድ መሄዳቸውን ነገረኝ። ፍሬሕይወትን ሰላም በልልኝ አልኩት። ማን ደወለ ልበላት አለኝ። አባቷ ነኝ አልኩት፤ እሺ ብሎ ዘጋ።